ሦስተኛው ገጽ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። የእኛ ሰው ሲሾም አልበላም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። የእሱ ጥፋት ሌላ ነው። ሲሾም አላነበበም።

ሁለት የምርጫ ዘመን፣ አሥር ዓመት ማለት ነው፣ በምክር ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከሚታደለው ረቂቅ ሕግ ሁሉ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እያየ እጁን ያወጣ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማጠቃለያ አለ፤ ማጠቃለያ ካለ ሌላው ገጽ ምን ያደርጋል? ድምፅ ሲሰጥ የእሱ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚታይ ባልደረቦቹ «ፈጣኑ እጅ» ይሉት ነበር፤ እሱም ስሙን እንደ ሽልማት ቆጥሮ ይስቅ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን የቀረለት መጠሪያ «የተከበሩ» የሚለው ብቻ ነው። የሰፈሩ ባለዳቦ ቤት «የተከበሩ፣ እንደ ሰው ሰልፍ ይያዙ እንጂ» ሲለው ቃሉ ምን ያህል እንደረከሰ ይገባዋል።

ዛሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ደብዳቤ ለስንተኛ ጊዜ እያገላበጠ ነው። ደብዳቤው አጭር ነው። አመልካቹ በመጀመሪያው የምርጫ ዘመን የመክፈቻ ስብሰባ ዕለት ቃለ መሐላ ስላልፈጸሙ ሁለት ሙሉ ዘመን እንዳገለገሉ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የጡረታ መብት የላቸውም ይላል። ቅሬታ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለይግባኝ ቦርዱ መዝገብ ቤት ይቅረብ ይላል። ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው፤ መዝገብ ቤቱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሃያ ዘጠኙን ቀን የት ነበር የሚል አይጠፋም። ሊቀመንበሩን ሲጠብቅ ነበር። ሊቀመንበሩ የድሮ የኮሚቴ አለቃው ነው፤ አሁን ደግሞ አማቹ ነው፣ የእኛ ሰው ሴት ልጅ የሊቀመንበሩን ወንድ ልጅ አግብታለችና። ሊቀመንበሩ ጡረታው ከተከበረለት ሦስት ዓመት አልፎታል። «አንተ ዝም በል፣ እኔ በስልክ እጨርሰዋለሁ» ብሎት ነበር። በአሥረኛው ቀን «ተነጋግሬያለሁ» አለ። በሃያኛው ቀን «ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው» አለ። ትናንት ግን ስልኩ ሰባት ጊዜ ቢጠራም አላነሳም።

ምክር ቤቱ የሰጣቸውን ቤት ካስረከቡ ወዲህ ባልና ሚስት የሚኖሩት በልጃቸው ግቢ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ሰርቪስ ውስጥ ነው። ግቢው ግን የልጅቱ አይደለም፤ የባሏም አይደለም። ሊቀመንበሩ ነው ያሠራው፣ ካርታውም በእሱ ስም ነው። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ አሁን አልጋ ሥር በአንሶላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሊቀመንበሩ የልጅ ልጆቹን ሊያይ ሲመጣ ትንሽ ጋደም ማለት ይወዳል፣ የመኪናው ድምፅም ይረብሸዋል። ማንም አትስፊ አላላትም። «እማማ፣ አባባ ተኝተዋል» ነው የተባለችው።

«ወደ እሷ ሂድ» አለችው ሚስቱ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንሶላ እያጠፈች።

«ወደ ማን?»

«ታውቃታለህ። ከቦርዱ ሕንጻ ፊት ለፊት ማመልከቻ ከምትጽፈው።»

«እሷ ፊት የምቆምበት ምን ፊት አለኝ?»

«እኔ ደግሞ ከዚህ ክፍል ሌላ የምቆምበት ቦታ የለኝም። ስድሳ ዓመት ሞላህ። እኔም ሃምሳ ሰባት ሆነኝ። የራሳችንን በር ዘግተን የምንተኛው መቼ ነው?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ኮቱን አጥልቆ ወጣ።

መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው። እሱ ግን የደረሰው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ አይቷት ሦስት ጊዜ አልፏት ሄዶ ነበር። አጥሩ ላይ በሽቦ የታሰረ ሰፊ ዣንጥላ፣ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ የተላላጠ የጽሕፈት መኪና፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነ ድንጋይ። ከኋላው የተቀመጠችው ሴት በአንድ ወቅት ከእሱ ሁለት ወንበር ወዲያ ትቀመጥ ነበር። አንድ አባል ሞቶ በማሟያ ምርጫ የገባች ናት፤ በመጀመሪያው የምርጫ ዘመን፣ ምክር ቤቱ ከተከፈተ በአራተኛው ወር። ከገባችበት ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ እጇን የምታወጣው ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠየቅ ነበር። «ይህ ቃል ለምን ገባ? ይህ ቃል ለምን ወጣ?» ስብሰባው በእሷ ምክንያት ምሳ ሰዓት ያልፋል። ስሟን «ወይዘሮ አንቀጽ» አሉት።

የጡረታውን ሕግ ያረቀቀው ኮሚቴ አራት ሰው ነበር፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቀሩት ሊቀመንበሩና ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ ማለትም የእኛ ሰው፣ ናቸው። በሻይ ሰዓት ሊቀመንበሩ «ይቺ ሴትዮ በመንግሥት ጡረታ ቁጭ ብላ ዕድሜ ልኳን ልታናድደን ነው እንዴ?» አለ። ተሳቀ። ያን ጊዜ የእኛ ሰው እስክሪብቶውን አነሳና ከረቂቁ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ ሁለት ሙሉ ዘመን የሚባለው አባሉ በመክፈቻው ስብሰባ ዕለት ቃለ መሐላ ከፈጸመ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱ ይነገርና በዚያ ቀን በጣም ደስ ብሎት ነበር።

የራሱ የመክፈቻ ዕለት ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር፣ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ብቻውን ቆሞ እንደማለ እንዴት ረሳ? አልረሳም። ጠባሳው ሆዱ ላይ አለ፣ ሲበርድ ያሳክከዋል። ነገር ግን ሰው እንዲህ ያለ መስመር ሲጽፍ የሚታየው የሌላው ፊት ነው፤ የራሱ ሆድ አይታየውም።

«ቀጣይ» አለች ወይዘሮ አንቀጽ፣ ቀና ሳትል።

ተቀመጠ። ቀና አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም።

«ደብዳቤውን ይስጡኝ» አለችው።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ማኅተሙን አየች፣ ቀኑን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውንም አየች። እሱ አንድ ስድብ ቢጤ እየጠበቀ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ እንኳ ይቀለው ነበር።

«ታመው ነበር?»

«ትርፍ አንጀት። የሆስፒታሉ ማስረጃ ይኸው።»

«አይረዳም። ለሕመምና ለወሊድ የተለየ ሁኔታ ይግባበት ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ድምፅ ተሰጥቶበት ወደቀ።»

«እኔ እንጃ፣ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የወጣው እጅ የእርስዎ ነበር።»

የሚገባበት ጠፋው። ከመንገዱ ማዶ የቦርዱ ሕንጻ ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል።

«እንግዲያው ምንም መንገድ የለም?» አለ፤ ድምፁ እንደ ለማኝ ድምፅ ሆኖ ተሰማውና አፈረ።

«አንድ አለ። ሕግ በአንድ ሰው ላይ ታልሞ የወጣ ከሆነ ቦርዱ ያን አንቀጽ ሊያነሳው ይችላል። እኔ በዚህ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሦስት ጊዜም ‹ታልሞብኝ ነው የምትዪበትን ማስረጃ አምጪ› ብለው መልሰውኛል። ማስረጃው ያለው የጻፈው ሰው ልብ ውስጥ ነው።»

«ማን እንደጻፈው እኮ...»

«አንተ ነህ የጻፍከው።» አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «ረቂቁን አይቼዋለሁ። እጅህን አውቀዋለሁ። ሐሳብህን ግን አውጥቼ ማሳየት አልችልም። እሱን የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።»

አካባቢውን ቃኘ። የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ሴት አግዳሚው ላይ ተራዋን እየጠበቀች ታንቀላፋለች። ዛሬ ካልተናገረ ነገ መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ነገራት። የሻይ ሰዓቱን፣ ሳቁን፣ ሊቀመንበሩ ያላትን ቃል በቃል፣ ትከሻው ላይ የተመታውን ሁሉ ነገራት። እሷ እያዳመጠች ትተይባለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጣቶቿ ቆሙ፤ «ዕድሜ ልኳን ልታናድደን» የሚለው ላይ። ከዚያ ቀጠለች።

«ሊቀመንበሩ ይህን ቢሰማ...» ብሎ ጀመረ።

«ስለ ሊቀመንበሩ አልጠየቅኩህም።»

ጽሑፉ ሦስት ገጽ ወጣው። ስትጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አስተካክላ ሰጠችው።

«አንብበው።»

የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ዕድሜው፣ የአገልግሎት ዘመኑ፣ ሆስፒታሉ፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን በዓይኑ ዳበስ አደረገው። ሦስተኛውን ሊገልጥ ሲል ሰዓቱን አየ።

«አምንሻለሁ» አለ። «አንቺ የጻፍሽው ስሕተት አይኖረውም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። «አሁንም አልተማርክም» የሚል አስተያየት ነበር።

«የሚፈረመው እዚያ ነው፣ መስኮቱ ላይ፣ በሠራተኛው ፊት» አለችው።

«ዋጋው ስንት ነው?»

«ከዚህኛው አልቀበልም። ሂድ።»

የሕንጻውን ደረጃ መውጣት እንደጀመረ ስልኩ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት ያልተገኘው ሰው፣ በገዛ እጁ ደወለ።

«አማቼ፣ መንገድ ዳር ተቀምጠህ ፀሐይ ስትሞቅ ሹፌሬ አይቶሃል» አለ እየሳቀ። «ምነው፣ ቤት ውስጥ ቦታ ጠበበህ?»

«ቀኑ ዛሬ ያበቃል። ትናንት ደውዬልህ ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እባክህ። ስማ፣ ማመልከት መብትህ ነው፣ እኔ አልከለክልህም። ግን ያቺ ሴትዮ የምትጽፈውን ተጠንቀቅ። የቆየ ነገር እየቆፈሩ ሰው ማስቀየም ጥሩ አይደለም። ልጆቻችን አንድ ግቢ ነው ያሉት። አንተም እዚያው ነህ፣ እሜትም እዚያው ናት። ግቢው ሰላም ሲሆን ለሁላችንም ይበጃል። አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ የእኛ ሰው።

«በል፣ በርታ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ አልተቆጣም፣ አልሰደበም፤ ሲቆጣ እንኳ ይህን ያህል አያስፈራም። የስፌት መኪናውን አሰበ፣ አልጋውን አሰበ፣ ልጁ በባሏና በአባቷ መካከል ስትቆም የምታሳየውን ፊት አሰበ። ቦርዱ ለመወሰን ወራት ይፈጅበታል፤ እምቢ ሊልም ይችላል። ሊቀመንበሩ ግን ከቤት ለማስወጣት አንድ ምሽት ይበቃዋል።

አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ሰው በሌለበት መስኮት አጠገብ ቆመ። የነገሩ ሁሉ መርዝ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዳለ አልተጠራጠረም፤ ሊቀመንበሩ ያለው፣ የተሳቀው ሁሉ ያለው እዚያ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ግን ስለ ሕመሙና ስለ አገልግሎቱ ነው የሚያወሩት። እነሱን ቢያስገባ ቀኑ አያመልጠውም። ሌላው ቀስ ብሎ ይታያል። ሦስተኛውን ገጽ አወጣ፣ አራት አድርጎ አጠፈ፣ የኮቱ ውስጥ ኪስ ከተተው። ሚስቱን ምን እንደሚላት እያሰበ ደረጃውን ወጣ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁሉም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ሁሉም ፌስታል ውስጥ ወረቀት ይዘዋል። ከፊቱ የቆመው ጡረተኛ መምህር «እርስዎን በቴሌቪዥን አውቅዎታለሁ» አለው። «ከፊት ወንበር፣ እጅዎን ሲያወጡ። ይኼ ሕግ ሲወጣም ነበሩ?» ነበርኩ ማለት ከበደውና አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። መምህሩ «እንግዲህ ከእኛ ጋር ቆሙ» ብሎ ወደ ፊቱ ዞረ። ክፋት አልነበረውም፤ የባሰውም እሱ ነው።

መስኮቱ ጋ ሲደርስ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ወጣት ሴት ወረቀቱን ተቀበለች፤ አንደኛውን ገጽ ገለጠች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ ገልብጣም አየች።

«ፊርማው የት ነው?»

«በእርስዎ ፊት ነው የሚፈረመው ብለውኝ ነው። እዚሁ ልፈርም።»

«የት ላይ? የፊርማ ቦታ የለውም እኮ።» በጣቷ የገጹን የመጨረሻ መስመር ነካች። «ሐሳቡም አላለቀም። ‹ይህን አንቀጽ በተመለከተ አመልካቹ› ይልና ያበቃል። አመልካቹ ምን?»

ከኋላው የሰልፉ ጉርምርምታ ተሰማው።

«አመልካቹ ምን?» አለች እንደገና። «ቀሪ ገጽ ካለ ያምጡ። ከሌለ እኔ መቀበል አልችልም። አባቴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ከኋላዎ ሰው አለ።»

አሥር ዓመት ሕግ ያወጣ ሰው፣ ፊርማ የሚያርፈው መጨረሻው ገጽ ላይ መሆኑን ረሳ። ከሰልፉ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ከውስጥ ኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ። ሌላ የሚያደርገው ስላጣ አነበበው። በሥልጣን ዘመኑ ሁሉ አንድም የመጨረሻ ገጽ እንዲህ አላነበበም።

«...በገዛ እጃቸው የጻፉት መሆኑን ያረጋግጣሉ። ሲጽፉትም በማሟያ ምርጫ የገባች አንዲት አባል ጡረታ እንዳታገኝ አስበው ነበር። ለመጻፍ ያስገደዳቸው ሰው አልነበረም። በዚያው ሕግ ላይ ስለ ሕመምና ስለ ወሊድ የቀረበውን የማሻሻያ ሐሳብ ሳያነቡ እጃቸውን አውጥተው ጥለውታል። ስለዚህ አንቀጹ ለአመልካቹ ብቻ ሳይሆን በእሱ ምክንያት መብታቸውን ላጡ ሁሉ እንዲነሳ ይጠይቃሉ። ይህን ማመልከቻ የጻፈችው ከላይ የተጠቀሰችው አባል ስትሆን፣ ጉዳዩ እሷንም የሚመለከት በመሆኑ ክፍያ አልተቀበለችም።»

ከዚያ ነጠብጣብ፣ ከነጠብጣቡ ሥር የእሱ ስም።

ሊቀመንበሩ የለም። ከላይ እስከ ታች ደግሞ ፈለገው፤ የለም። ሳቁ የለም፣ ትከሻ የመታው እጅ የለም። «ስለ ሊቀመንበሩ አልጠየቅኩህም» ያለችው እውነቷን ነበር። ለመጻፍ ያስገደዳቸው ሰው አልነበረም። ይህ አንድ መስመር ከሊቀመንበሩ ስልክ የበለጠ አስፈራው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ያን ቀን ማንም እስክሪብቶ አላስጨበጠውም። ፎቁ ላይ ወረቀቱን ሲያጥፍ ለግቢው ሰላም ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር፤ አሁን ገባው፣ የሸሸው ከራሱ ነው። ጆሮው ድረስ አፈረ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላየውም፤ ማን እንደሆነ ያውቃል። ደግሞም ስሙ ባይጻፍም ሊቀመንበሩ ዝም እንደማይል ያውቃል። ቦርዱ አንድ ቀን «ከማን ጋር ነበራችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ግቢው ከዛሬ በኋላ ግቢያቸው አይሆንም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ስድስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ሰልፉ አልቆ ነበር። ልጅቷ ማኅተሟን ወደ መሳቢያው ልትከት ነው።

«ልጄ» አላት። «ይኸው። አመልካቹ ምን እንደሆነ እዚህ ላይ አለ።»

ተቀብላ አነበበችው። ቀና ብላ አየችው፤ መልሳ አነበበችው።

«አንብበውታል?»

«አሁን አነበብኩት።»

«እንግዲህ ቀኝ እጅዎን ያንሱ። ‹ያነበብኩትና እውነት የሆነ ነው› ይበሉ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። የቦርዱ ደንብ ነው።»

ያ ፈጣን እጅ ከጎኑ ወርዶ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ልጅቷ ጠበቀችው። ክንዱ የእሱ አልመስል ብሎት በስንት መከራ ትከሻው ድረስ አደረሰው፣ ከዚያም ከፍ አደረገው።

«ያነበብኩትና እውነት የሆነ ነው» አለ።

ፈረመ። ማኅተሙ ሦስት ጊዜ ወረደ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ።

ሲወርድ ወይዘሮ አንቀጽ ዣንጥላዋን አጥፋ የጽሕፈት መኪናዋን ሽፋን እያሰረች ነበር። ሰዎች ከዚያ ሕንጻ ሲወጡ ፊታቸውን ማንበብ የለመደች ሴት ናት፤ የእሱን ፊት ግን አላየችም።

«ስንት ገጽ ተቀበሉህ?» አለችው።

ይህን ስትጠይቀው ኪሱን አይታ የነበረች መሰለው።

«ሦስት።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። አንብቤው ነው።»

ገመዱን አስራ የጨረሰች መስሎት ነበር፤ ፈታችውና እንደገና ማሰር ጀመረች። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን «ነገ ደግሞ ደረሰኙን ይዘህ ና፣ ቁጥሩን እመዘግበዋለሁ» ብላ ጠረጴዛዋን አንስታ ወደ ዘበኛው ቤት ሄደች።

መንገዱ ዳር ቆሞ ስልኩን አወጣ። ሊቀመንበሩ አራት ጊዜ ደውሏል። ያንን አልፎ ወደ ሚስቱ ደወለ።

«ፈረምኩ» አላት። «ሁሉንም ተናግሬ ነው የፈረምኩት። አማቻችን ማወቁ አይቀርም። ማታ ስመጣ እነግርሻለሁ፤ ግን ቀስ እያልሽ ዕቃ ማሰር ብትጀምሪ...»

ከስልኩ ወዲያ ማዶ አንድ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማው፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ነበር። መኪናው ቆመ።

«እኔማ አንተ እንደወጣህ ነው የጀመርኩት» አለችው። «መጋረጃችንን እያጠበብኩ ነው። የምንከራየው ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው የሚሆነው።»